«72 ሰዓት ለምን?» በማስረጃ ስለ መሥራት፣ ከደሴ

እማማ ከኩታበር ነው የመጡት። ስድሳን ያለፉ ናቸው። እጃቸው ቀጭን፣ ደም ሥራቸው ሲነኩት የሚሸሽ። ካኑላ፣ ፈሳሽና መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ ለመትከል ሦስት ጊዜ ተወግተዋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከነርሲንግ ተማሪዎቼ ጋር አልጋቸው ጋ ስንደርስ «ይሄ ይነቀልና በሌላኛው እጅ አዲስ ይተከል» አልኩ። አንዷ ተማሪ እጃቸውን ቀስ አድርጋ አገላብጣ አየችና «ቲቸር፣ አላበጠም፣ አልቀላም፣ አያማቸውም። ለምንድነው የምንነቅለው?» አለችኝ።

«72 ሰዓት ሞልቶታል» አልኳት።

«72 ሰዓት ለምን?»

መልስ አልነበረኝም። ለዓመታት የሠራሁበት ነገር ነው፣ እኔንም ያስተማሩኝ እንደዚያው ነው፣ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። «አሠራሩ ነው» ብዬ አለፍኩ። እማማም እንደገና ሁለት ጊዜ ተወጉ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሳቸው መወጋት ብቻ አይደለም፣ ያቺን ልጅ ዝም ማሰኘቴም ጭምር።

«በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር» የሚለውን ነገር ሁላችንም ኮሌጅ ሰምተነዋል። ለፈተና ሸምድደን ጽፈነዋል። ግን ብዙ ሰው ሪሰርች መሥራት ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ሪሰርች አዲስ እውቀት ማምረት ነው። ይሄኛው ደግሞ ሌሎች ያመረቱትን ወስዶ፣ እንክርዳዱን ለቅሞ፣ ፊታችን ለተኛው ሰው ማድረስ ነው። አንዱ የማሳ ሥራ ነው፣ ሌላው የጓዳ። ሁሉም ነርስ ገበሬ መሆን የለበትም፣ ስንዴና እንክርዳድ መለየት ግን አለበት።

ስሙን ያወጣው ጎርደን ጋያት የተባለ የካናዳ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1991። ከአምስት ዓመት በኋላ ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ ነገሩ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በአጭሩ ጻፉ። ሐሳቡ በእኛ ቋንቋ ሲነገር ሦስት ጉልቻ ነው። አንደኛው ጥሩ ጥናት። ሁለተኛው የባለሙያው የራሱ ልምድ። ሦስተኛው የታካሚው ፍላጎትና ኑሮ። አንዱን ጉልቻ ካወጣችሁት ድስቱ ይደፋል። ስለዚህ «ማስረጃ» ማለት የነርሷን የሃያ ዓመት ልምድ መጣል ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ልምድ ብቻውን ይበቃል የሚሉትም እንዲሁ።

ልምድ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኃይለኛ ትኩሳት ታሞ፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ የመጣ ሕፃን ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ እንሰጣለን። ስሜት የሚሰጥ ነገር ነው፣ መጽሐፉም እንደዚያ ይል ነበር። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናት ላይ ይሄው ተሞከረ፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። የትኛው ሕፃን ፈሳሹን በፍጥነት እንደሚያገኝ በዕጣ ነበር የሚወሰነው። በ48 ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከመቶው ከአሥር በላይ ሞቱ። ካልተሰጣቸው ደግሞ ከመቶው ሰባት ገደማ። ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

ይሄንን አንድ ነርስ በዓይኗ ልታየው አትችልም። ዋርዷ ውስጥ ፈሳሽ የተሰጠው ሕፃን ሲሞት «በሽታው ጸንቶበት ነው» ትላለች፣ ሲድን «ፈሳሹ አዳነው» ትላለች። ሁለቱም እውነት ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ብዙ ሕፃናት በዕጣ ሲከፈሉና ጎን ለጎን ሲቆጠሩ ብቻ ነው። ዕጣው ለምን አስፈለገ? እኛ ብንመርጥ በጣም የታመመውን ወደ አንዱ ወገን እናበዛለን፣ ሳናስበውም ቢሆን። ያኔ ልዩነቱ የመድኃኒቱ ይሁን የበሽታው አይታወቅም።

ግን ደግሞ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ያ ጥናት በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸውን ሕፃናትና በጣም የተጎሳቆሉትን አላካተተም። አንድ ሰው ርዕሱን ብቻ አንብቦ «ፈሳሽ ይገድላል» ብሎ ተቅማጥ ያዳከመውን ልጅ ፈሳሽ ቢከለክል ወንጀል ነው። ጥናት ስታነቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አገኙ?» አይሁን። «እነማን ላይ ነው የሠሩት?» ይሁን።

ወደ እማማ ካኑላ ልመለስ።

ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። መጀመሪያ «ካኑላ ኢንፌክሽን» ብዬ ፈለግኩ። መዓት ነገር መጣ፣ አንዱም የሚረባኝ አልነበረም። ችግሩ ኢንተርኔቱ አልነበረም፣ ጥያቄዬ ነው። ጥሩ ጥያቄ አራት ነገር ይይዛል። ማን ላይ? ምን ብናደርግ? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ምን ለውጥ ለማየት? የእኔን በዚህ ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦ ዋርድ የተኙ አዋቂዎች ላይ፣ ካኑላ የሕመም ወይም የመቆጣት ምልክት ሲያሳይ ብቻ ብንቀይር፣ በየሦስት ቀኑ ከመቀየር ጋር ሲነጻጸር፣ የደም ሥር መቆጣትና ኢንፌክሽን ይጨምራል ወይ? ወረቀት ላይ ይሄንን መጻፍ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ፍለጋውን ግን ከአንድ ሰዓት ወደ አሥር ደቂቃ ያወርደዋል። ከሁሉም ችሎታ ተማሪ ላይ ቀድሞ መተከል ያለበት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ቶሎ የምንዘልለውም እሱን ነው።

የት ይፈለግ? መጀመሪያ የአገራችንን ጤና ሚኒስቴር ጋይድላይን፣ ማለትም የሕክምና መመሪያ፣ እዩ። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅትን። ከዚያ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነውን የኮክሬን ላይብረሪን፣ እሱም ለኢትዮጵያ ነፃ ነው። የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበት ፐብሜድም ለማንም ክፍት ነው። የሚከፈልባቸው ጆርናሎች ደግሞ ሂናሪ በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በኩል ለእኛ አገር ተቋማት በነፃ ይገኛሉ፣ ተቋማችሁ ከተመዘገበ የይለፍ ቃሉ ላይብረሪ ውስጥ አለ ማለት ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በአካባቢያችን ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መጽሐፍና ኮምፒውተር የቀረው ቦታ ጥቂት ነው። እነዚህ ግን ስልክ ላይ አሉ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ዓመቱን ሳታዩ አትመኑት። ቻትጂፒቲንም እንዲሁ፣ ለማብራራት ጎበዝ ነው ግን የሌለ ጥናት ከነደራሲው ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። የጠቀሰላችሁን ፐብሜድ ላይ ፈልጉት። ከሌለ የለም።

ያገኘሁት ይሄ ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ 3,283 አዋቂ ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ካኑላው በየሦስት ቀኑ ተቀየረ። ለሌላው ምክንያት ሲኖር ብቻ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፣ የደም ሥር መቆጣት የያዛቸው በሁለቱም ወገን ከመቶው ሰባት ናቸው። እኩል! በቃ፣ እማማን በከንቱ ወጋናቸው አልኩ።

ትንሽ ስቆይ ግን ሌላ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከጄኔቭ ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት ነው። እዚያ በየጊዜው መቀየሩን ትተው ምልክት ሲታይ ብቻ ወደሚለው ሲዞሩ፣ ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽን ጨመረ። ወደ ድሮው ሲመለሱ ቀነሰ። ይሄኛው በዕጣ የተሠራ አይደለም፣ በፊትና በኋላ ያለውን ያወዳደረ ነው፣ ግን በጣም ብዙ ካኑላ ተቆጥሮበታል፣ እንዲህ ዓይነቱ ኢንፌክሽን ደግሞ አልፎ አልፎ የሚከሰት ስለሆነ ሦስት ሺህ ሰው ላይ ላይታይ ይችላል።

እንግዲህ የቱን እንያዝ? ተማሪዎች እዚህ ላይ ይናደዳሉ፣ «ታዲያ መልሱ ምንድነው?» ይላሉ። እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ማስረጃ አንድ ወረቀት አይደለም። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስታዩ የጋራ የሆነ አንድ ነገር ታገኛላችሁ። ካኑላውን የሚያይ ሰው አለ ወይ? ምልክት ሲታይ ይነቀል ለማለት ምልክቱን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። እኛ ጋ የሌሊት ዱቲ ላይ አንዲት ነርስ ስንት ታካሚ እንደምትይዝ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ብቻዬን ተነስቼ አሠራር አልቀየርኩም። እናንተም እንዳትቀይሩ። ጥናቱን አንብቤያለሁ ብሎ ፕሮቶኮል መጣስ ማስረጃ አይባልም። ሄድ ነርሷን አነጋገርኩ፣ እሷ ደግሞ ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው አቀረበች። መጀመሪያ ያለውን እንቁጠር ተባለ። ተማሪዎቹ ለአንድ ወር በየጠዋቱ ካኑላ ያለውን ታካሚ ሁሉ አዩ፣ ፕላስተሩ ላይ ቀን ተጽፏል ወይ፣ ቦታው ቀልቷል ወይ፣ ድሪፕ ሳይኖር ዝም ብሎ የተቀመጠ አለ ወይ። አስቡት፣ ለስንት ዓመት «72 ሰዓት» እያልን ስንሠራ ብዙዎቹ ካኑላዎች ላይ የተተከሉበት ቀን አልተጻፈም። ሕጉን እየጠበቅን ነው ብለን እናስባለን እንጂ መቼ እንደተተከለ የሚያውቅ የለም። የማያስፈልግ ካኑላ የተሸከመም ብዙ ነበር።

የተለወጠው ነገር ቀላል ነው። ቀን መጻፍ። ዱቲ ስንረካከብ እያንዳንዱን ካኑላ ማየት። የማያስፈልገውን ያኔውኑ መንቀል። ስስ ደም ሥር ያላቸውን እንደ እማማ ያሉትን ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መወሰን። ካኑላው ውጭ ፋርማሲ የሚገዛበት ጊዜ አለ፣ ለቤተሰብ ያ ራሱ አንድ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቦታ ላውራ። ደሴ ጦሳ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ብርዱን ብቻ አይደለም ቁልቁለቱ የሚቀንሰው፣ አየሩም ይለያያል። ከፍ ባለ ቦታ ጤነኛ ልጅ እንኳ በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን ዝቅ ብሎ ይነበባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕፃናት ያወጣው ምክር ይሄንን ያውቃል። እስከ 2,500 ሜትር ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ኦክስጅን ይሰጥ ይላል፣ ከዚያ በላይ ለሚኖሩ ግን 87ን ወሰን ማድረግ እንደሚቻል ያስቀምጣል። ደሴ ልክ መስመሩ ላይ ነው የተቀመጠችው። ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ 88 ያሳየ ልጅ ጥያቄ የለውም፣ ኦክስጅን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ያለ ልጅስ? ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ልጁን እዩ። ደረቱ ይሰረጎዳል? ጡት መጥባት አቅቶታል? ከተጠራጠራችሁ ስጡት። ባሕር ዳርቻ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ የእኛን ከፍታ አያውቀውም፣ ማወቅ ያለብን እኛ ነን። «ይሄ ጥናት ለእኛ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ሦስተኛውን ጉልቻ ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሕፃን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ሆኖ መያዝ አለበት። የካንጋሩ እንክብካቤ የምንለው ነው። ድሮ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ይጠበቅ ነበር። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3,211 ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ሌላ ነገር አሳየ። እንደተወለዱ ወዲያው ከጀመሩት በ28 ቀን ውስጥ ከመቶው 12 ሞቱ፣ ቆይተው ከጀመሩት ደግሞ 15.7።

ይሄንን ቁጥር እንዴት ነው የምታነቡት? «ሞትን በ25 በመቶ ቀነሰ» ቢባል እውነት ነው። «ከመቶው ሕፃናት አራት ያህሉን አተረፈ» ቢባልም ያው እውነት ነው። ሁለቱ ግን ጆሮ ላይ አንድ ዓይነት አይሰሙም። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምጠይቀው፤ ከመቶው ስንት ነበሩ፣ ስንት ሆኑ? መድኃኒት ሻጭ ሲመጣም ይሄንኑ ጠይቁት። አንድ በሽታ ከሺህ ሁለት ሰው ይይዝ የነበረው ወደ አንድ ሲወርድም «በግማሽ ቀነሰ» ይባላልና።

ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ዋርዱ ግቡ። ሐምሌ ነው፣ የደሴ ብርድ አጥንት ይሰብራል። አያትየው አጠገብ ቆመዋል። «በዚህ ብርድ ራቁቱን? ልጄ፣ እናንተ ልጆች አታውቁም፣ በደንብ ጠቅልሉት» ይላሉ። እዚህ ላይ 3,211 የሚለው ቁጥር ምንም አይሠራም። የሚሠራው ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። «እማማ፣ ማሞቂያው እኮ የእናቱ ገላ ነው። ኮፍያና ካልሲ እናደርግለታለን፣ ከላይ ጋቢውን እርስዎ ያልብሱልን።» ጋቢውን የሚያለብሱት እሳቸው ሲሆኑ ነገሩ የሳቸው ይሆናል። እናቲቱ ስትደክም ራሳቸው ደረታቸው ላይ ይይዙታል። ይሄ ጥናቱን ማቅለል አይደለም። ጥናቱ ቤት እንዲገባ በር መክፈት ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ አስተማሪዎች። በሌላው መፍረድ ቀላል ነው፣ ግን ተማሪው የሚሠራው የነገርነውን አይደለም፣ ያየውን ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ማስረጃ ስላይድ አሳይተን ዋርድ ስንገባ «አሠራሩ ነው» ካልን ስላይዱ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ 23 ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ አለ፣ ተመርቀው ስልጠና ላይ ባሉ ሐኪሞች ላይ ነው የተሠራው። ለብቻው ኮርስ ሆኖ የተሰጠ የማስረጃ ትምህርት እውቀት ጨመረ፣ ግን ክህሎትን፣ አመለካከትንና ሥራን አልለወጠም። ከታካሚው አልጋ ጋር ተያይዞ የተሰጠው ግን አራቱንም አሻሻለ። በነርሶችም ይሄው ነው ብዬ የማምነው በየቀኑ ስለማየው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንዱ «አላውቅም» ማለት ነው። አስተማሪ ተማሪ ፊት «አላውቅም፣ ነገ ጠዋት አብረን እናየዋለን» ማለት ይከብደዋል። እኔም ከብዶኛል። አንዴ ከለመዳችሁት ግን ዋርዱ ሁሉ ይለወጣል። ሌላው፣ ነርሶች ጠረጴዛ ላይ የጥያቄ ደብተር ማስቀመጥ ነው። ማንም የታየውን ጥያቄ ይጽፍበታል፣ ስሙን ሳይጽፍም ይችላል። በሳምንት አንዱን መርጠን 15 ደቂቃ እናወራበታለን። ፈተናም ላይ «ትርጉሙን ጻፍ» ከማለት አንድ ታካሚ ሰጥቶ ጥያቄውን እንዲያወጣ፣ አንድ ጥናት ሰጥቶ እነማን ላይ እንደተሠራ እንዲናገር መጠየቅ ይሻላል። «በማስረጃ የመሥራት ችሎታህን ከአምስት ስንት ትሰጠዋለህ?» የሚል መጠይቅ ላይ ሁላችንም አራት እንሞላለን። ችሎታው የሚታየው ጥናቱ ሲሰጠን ነው።

አነጋገርም ወሳኝ ነው። እኛ ታላቅ እናከብራለን፣ ጥሩ ነገር ነው። አዲስ ተመራቂ ሄድ ነርሷን «የምትሠሪው ስህተት ነው» ካላት በሩ ይዘጋል። «ሲስተር፣ አንድ ነገር አንብቤ ነበር፣ አብረን ብናየው?» ሲላት ግን ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ታላላቆቹም ደግሞ ታናሹ ሲጠይቅ ድፍረት አድርገው አይውሰዱት።

ያቺ ተማሪ ተመርቃ አሁን ወረዳ ሆስፒታል ትሠራለች። በቀደም ቴሌግራም ላይ ድምፅ ላከችልኝ። ኦፕሬሽን ለሚገቡ ሰዎች ቤተሰብ ምላጭ ገዝቶ እንዲመጣ ይደረጋል፣ ከዋዜማው ጀምሮ ፀጉሩን ይላጫሉ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ለምንድነው?» ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አትላጩ እንዳለ አውቃለሁ፣ ፀጉሩ ካልከለከለ አይነካም፣ ከከለከለም በማሽን ይከረከማል እንጂ በምላጭ አይላጭም። መልሱን ወዲያው ልጽፍላት ጀምሬ ነበር። አጠፋሁትና «አራቱን ጥያቄ ጽፈሽ ላኪልኝ» አልኳት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ላከችው። ከነጋይድላይኑ ገጽ።